ጭሬ ካርታ ላይ የለችም

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ትሉኛላችሁ። ዛሬ ግን ላሞቹ ውሃ ፍለጋ ወጥተዋል፤ በረቱ ባዶ ነው። እንግዲያው እዚያው ባዶው በረት ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳታበቅል ነው። አንድ ቆላ ነበር። የዚያ ቆላ ሙቀት እንዴት ያለ መሰላችሁ፤ ጥላ ራሷ ጥላ ፍለጋ ትሄድ ነበር። እንሽላሊት ድንጋይ ላይ ስትቆም አራቱን እግሯን በተራ እያነሳች «እፍ፣ እፍ» ትል ነበር። ዝናብ ከቀረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆኗል። ከዚያ ሁሉ አሸዋ መካከል የቀረችው ውሃ አንዲት ናት፤ ስሟም ጭሬ ነው።

ጭሬ የተባለችው ካልጫሯት ስለማትሰጥ ነው። ሌሊት ነፋስ አሸዋ ይሞላባታል። ጎህ ሲቀድ ከሥር ሆና በጎርናና ድምፅዋ «ተራው የማነው?» ትላለች። ባለተራው ይመጣና አሸዋውን ጭሮ ያወጣላታል። እሷም ቀስ ብላ ትሰርጋለች፤ ቀላ ያለች፣ ድፍርስ፣ ለብ ያለች ውሃ።

ለጭሬ ሁለት ሕግ ነበራት። አንደኛው፣ በየቀኑ አንድ ቤተሰብ ተራ ገብቶ ይጭራል። ሁለተኛው ከአንደኛው ይከብዳል፤ የጫረ መጨረሻ ይጠጣል። ለምን ብትሉ፣ መጀመሪያ የሚጠጣ ቢሆንማ ለራሱ ጉሮሮ የሚበቃውን ጭሮ እብስ ይላል። መጨረሻ የሚጠጣ ግን ለሁሉም እስኪበቃ ይጭራል፤ አለዚያ የሚጠማው ራሱ ነው።

ከጭሬ አሥር እርምጃ ርቃ፣ ከአንዲት ድንክ ግራር ሥር፣ እመት ቆቅ ሰባት እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ቆቅን ታውቋታላችሁ። ቅጠል ሲወድቅ «ማነው?» ትላለች፤ ቅጠሉ መሬት ከነካ በኋላ ደግሞ «ብቻህን ነህ?» ትላለች። ይቺ እመት ቆቅ እንግዲህ ከቆቆች ሁሉ የባሰች ነበረች። አትፍረዱባት። ባሏ በዚህ ሰሞን ወጥመድ ውስጥ ቀርቶባታል። የአምናዎቹ ጫጩቶቿ ደግሞ ውሃው ርቆባቸው መንገድ ላይ አንድ ባንድ አልቀውባታል። ዘንድሮ ነው ጎጆዋን ከውሃው አፍ ላይ የሠራችው። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ቀርቷቸዋል። የቆቅ ጫጩት እንደተፈለፈለ በእግሩ ይሄዳል፤ ቢሆንም አሥር እርምጃ ነው እንጂ አሥር ጋራ አይሄድም። ስለዚህ እመት ቆቅ ጠዋትም ማታም የምትቆጥረው ይህንኑ ነበር። ሰባት እንቁላል፣ አሥር እርምጃ። ሰባት እንቁላል፣ አሥር እርምጃ።

አንድ ቀን ተራው የዝንጀሮ ሆነ። አያ ዝንጀሮ ለመጫር እጁ፣ መጨረሻ ለመጠጣት ደግሞ ጉሮሮው እሺ አይለውም። አሸዋውን አንዴ ጫር ያደርግና ወደ ገደሉ ቀና ብሎ ያያል፤ አንዴ ጫር ያደርግና ቀና ይላል። እንዲህ ሲል በገደሉ አናት አንድ ፈረንጅ በበቅሎ ሲያልፍ አየ። በቅሎዋ ተደናቀፈች። ከጀርባዋ አንድ ሣጥን ተፈታና ወደ ገደሉ ተወረወረ። ፈረንጁ ምን ወደቀብኝ ብሎ ቢያጎነብስ ባርኔጣውም ተከተለ። ባርኔጣው መሬት እስኪደርስ ፈረንጁ ምሳውን በልቶ ጨረሰ ይባላል፤ ገደሉ እንዲያ ጥልቅ ነበር። ከዚያ «ይቅርብኝ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ዝንጀሮ መጫሩን ትቶ ሮጠ። ሣጥኑ ውስጥ አንድ ጫማ፣ ሦስት ማንኪያ፣ አንድ መነጽርና አንድ ጥቅል ብራና አገኘ። መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰካ። ጥቅሉን ዘረጋ። ጥቅሉም ተናገረ።

«ቀስ፤ ሦስት መቶ ዓመቴ ነው።»

ካርታ አማርኛ የት ተማረ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ዝንጀሮስ የት ተማረ?

ዝንጀሮ ካርታውን ተሸክሞ ከወንዙ ማዶ ካለው ዋርካ ላይ በእሾህ ወጥሮ ሰቀለው። ፈረንጅን ሙሴ እንደሚሉት ካርታውንም «ሙሴ ካርታ» አለው። አገር ሁሉ ተጠራ። ፊታውራሪ ጎሽ መጣ። የዚህ ጎሽ ቀንድ ከመስፋቱ የተነሳ በግራ ቀንዱ ላይ ጎህ ሲቀድ በቀኙ ላይ ገና ሌሊት ነበር። አያ ጅቦ መጣ። ሚዳቋ መጣች። እመት ቆቅም እንቁላሎቿን በደረቅ ሣር ሸፍና፣ ሰባት ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብላ እያየች መጣች።

ሙሴ ካርታ እውነትም የሚታይ ነበር። በአራቱ ማዕዘን አራት ጉንጫም ራሶች ነፋስ ይነፋሉ። በባሕሩ ላይ ቤት የሚያህል ዓሣ መርከብ ያባርራል። መሬቱ ላይ ጠጉሩ የተሞሸረ አንበሳ እዚህም እዚያም ቆሟል። መሀል ላይ አንድ ዝሆን አለ። ከዝሆኑ አጠገብ ደግሞ የሰማይ ቁራጭ የመሰለ ሰማያዊ ሐይቅ ተኝቷል። ከሐይቁ ዳር ጫፏ ጭራ የመሰለ አንዲት ቀጭን መስመር ወጥታለች፤ ዝንጀሮ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አያትና «እሷ ወንዝ ናት» አለ።

ጎሽ መጀመሪያ ጠየቀ። «ሙሴ ካርታ፣ ይህ ሐይቅ ጥልቅ ነው?»

«ጌታዬ ፊታውራሪ፣ እርስዎን የመሰሉ መቶ ጎሾች ተደራርበው ቢቆሙበት የላይኛው ብቻ ነው ለመተንፈስ የሚችለው።»

ጅብ ጠየቀ። «አጥንት አለ?»

«ዳሩ ሁሉ አጥንት ነው፤ በስብ የተጠቀለለ።»

ሚዳቋ ጠየቀች። «ጅብስ አለ?»

«አንድም» አለ ካርታው። ጅብ ጆሮውን እያከከ ያልሰማ መሰለ።

በመጨረሻ እመት ቆቅ አንገቷን አስግጋ፣ «ይቅርታዎን ሙሴ ካርታ፣ ጭሬስ የት አለች?» አለች።

«ጭሬ ማን ናት?»

«ውሃችን።»

ካርታው ራሱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። «እኔ ላይ የለችም። እኔ ላይ የሌለ ነገር ደግሞ የለም።»

«ኧረ ዛሬ ጠዋት ጠጥቻታለሁ።»

«የጠጣሽ መስሎሽ ነው።»

ሚዳቋ እርጥብ መሆኑን ለማረጋገጥ ከንፈሯን ላሰች። ጅብ ጎሽን አየ፤ ጎሽ መሬት መሬት አየ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌለች ውሃ ሲጭሩ፣ የሌለች ውሃ ሲጠብቁ፣ ለሌለች ውሃ ተራ ሲገቡ ኖረዋል። ሰው ሰማን አልሰማን እያሉ አፈሩ።

«ሐይቁ ከዚህ ይርቃል?» አለ ጎሽ።

ዝንጀሮ ጣቱን ካርታው ላይ አስተኛ። «አንድ ጣት ተኩል።»

«የማን ጣት?»

«የኔ ናት እንጂ። እርስዎ ጣት አለዎት?»

ጎሽ ሰኮናውን አየና ነገሩን ተወው። አንድ ጣት ተኩል ማንንም አያደክምም ተባለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አገር ሁሉ ነቅሎ ሊሄድ ተቆረጠ።

እመት ቆቅ እየሮጠች ተመለሰች። እንቁላሎቹ ላይ ተቀመጠችና ቀኑን ቆጠረች። ሦስተኛው ቀን! ጫጩቶቿ የሚወጡበት ቀን ነው። ትታቸው ብትሄድ እንቁላሎቹ ይሞታሉ። ብትቀር ደግሞ ጭሬን የሚጭር የለም። የቆቅ እግር ስንት አሸዋ ያወጣል? አንዱን ስትጭር ሁለት ይሞላል። «ሰባት እንቁላል» አለች፤ «አሥር እርምጃ» ለማለት ግን አፏ አልታዘዝ አላት። ውሃ ከሌለ አሥር እርምጃ ወዴት ነው?

የመጀመሪያው ቀን ነጋ። ጭሬ «ተራው የማነው?» አለች። ተራው የጅብ ነበር። ፀሐይ ከወጣች በኋላ እያዛጋ መጣ፣ ግማሽ ጫረ፣ ከሁሉ ቀድሞ ጠጣ፣ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ሕጉስ?» አለች እመት ቆቅ ከጎጆዋ።

«የቱ ሕግ? ለሌለች ውሃ ምን ሕግ አላት እመት ቆቅ?»

እመት ቆቅ እንቁላሎቿን ሸፍና ወደ ዋርካው ሮጠች። «ሙሴ ካርታ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው የመጣሁት። ጭሬን እርስዎ ላይ ልሣላት። ብዙ ቦታ አትፈጅም፤ በእግሬ ጥፍር አንዲት ነጥብ ብቻ።»

«አንቺ?» አለ ካርታው። «እኔን የሠራኝ ጌታዬ መነጽር ያደርግ ነበር። አንቺ መነጽር አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ታቅፈሽ ተቀመጪ።»

እየሮጠች ተመለሰች። እንቁላሎቹን አንድ ባንድ ነካች። ስድስቱ ሞቀዋል፤ ሰባተኛው፣ ከዳር ያለው፣ ለብ ብሏል። ወደ መሀል አስገባችው።

ሁለተኛው ቀን ነጋ። ጭሬ «ተራው የማነው?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። ተራው የሚዳቋ ነበር። ሚዳቋ ጭራሽ አልመጣችም። ጓዟን ትሸክፍ ነበር። የሚዳቋ ጓዝ ምን ይሆናል አትበሉኝ፤ ለሦስት ሰዓት ሸክፋ ስትጨርስ የያዘችው ጆሮዋን ብቻ ነው። እመት ቆቅ ራሷ ወርዳ ጫረች። እግሯ ደም እስኪያወጣ ጫረች። ምላሷን የሚያርስ አገኘች፤ ሌላ ግን አንዲት ጠብታ አልወጣም።

«ነገ አትምጪ» አለች ጭሬ ከሥር። «ብቻሽን አትችይኝም። እኔም ወደ ታች እየሄድኩ ነው።»

«ወዴት ታች?»

«ሳይጭሩኝ ሲቀሩ የምሄድበት።»

እመት ቆቅን አላስቻላትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና ወደ ዋርካው ሮጠች። ዝንጀሮ ካርታውን ለመንገድ ሊጠቀልል ገመድ ፍለጋ ሄዷል።

«ሙሴ ካርታ፣ የሠራዎት ጌታዎ ያንን ሐይቅ መቼ ነው ያየው?»

«አየው? ጌታዬ ሪህ ነበረበት። ከክፍሉ ወጥቶ አያውቅም።»

«ታዲያ እንዴት አወቀው?»

«መርከበኛ ነገረው።»

«መርከበኛውስ አይቶታል?»

«መርከበኛው ወደብ ላይ ከአንድ ነጋዴ ሰማ።»

«ነጋዴውስ?»

«ከግመል ነጂ።»

«ግመል ነጂውስ?»

ካርታው እንደ መቆጣት ብሎ ተጨማደደ። «ግመል ነጂውን ማንም አልጠየቀውም» አለ።

ይህን ሲባባሉ መሀል ላይ ያለው ዝሆን ዓይኑን እርግብ አደረገ። እመት ቆቅ አየችው። ዝሆኑ ኩምቢውን በትንሹ ወደ እሷ አዞረና «እናቴ፣ እባክሽ…» አለ። ወዲያው አራቱ ጉንጫሞች ጉንጫቸውን ነፍተው ከአራቱ ማዕዘን እፍ አሉበት። የዝሆኑ ድምፅ በነፋሱ ተጠረገ። እመት ቆቅም ከቅጠል ጋር ተንከባልላ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ወደቀች።

ስትመለስ ጨልሟል። ያ ሰባተኛው እንቁላል ቀዝቅዟል። ደረቷ ሥር ወሽቃ አቀፈችው። እስኪነጋ «ምን ሊለኝ ነበር? ምን ሊለኝ ነበር?» ስትል ቆየች።

ሦስተኛው ቀን ነጋ። ጭሬ ምንም አላለችም።

ዝም ስትል እመት ቆቅ ከጎጆዋ ዘላ ተነሳች። በዚያው ቅጽበት ከሥሯ «ቅጭ» የሚል ሰማች። አንዱ እንቁላል ተሰንጥቋል። ከሩቅ ደግሞ ሰኮና ይሰማል። አገሩ ተሰልፎ እየመጣ ነው። ፊታውራሪ ጎሽ ከፊት፣ ዝንጀሮ ጎሹ ጀርባ ላይ መነጽሩን ሰክቶ ካርታውን እንደ ጥላ ዘርግቶ፣ ኋላ ጅብ፣ ከጅብ በጣም ራቅ ብላ ሚዳቋ፣ ከዚያ ወዲያ ዓይን እስኪደክም ድረስ ቀንድና ጅራት ነው። አቧራው ወደ ላይ ወጥቶ ንስሮች እያስነጠሱ ይወርዱ ነበር።

እመት ቆቅ ሣሩን በእንቁላሎቹ ላይ ጎተተችና መንገዱ መሀል ገብታ ቆመች።

«ዞር በይ እመት ቆቅ፣ እረግጥሻለሁ» አለ ጎሽ።

«አንድ ነገር ጠይቄ እዞራለሁ፣ ፊታውራሪ።»

«ስትጠይቂ አይደለም እንዴ የከረምሽው?» አለ ዝንጀሮ ከላይ። «ሙሴ ካርታ ሰልችቶታል።»

«ሙሴ ካርታን አልጠይቅም። የምጠይቀው ዝሆኑን ነው።»

ጅብ ሳቀ። ጎሽ ግን ቆመ። እመት ቆቅ ዘላ ቀንዱ ላይ ወጣች። ከዚያ ሆና አንገቷን ወደ ካርታው ሰገገች።

«አያ ዝሆን፣ ሐይቁ ዳር ነው የቆሙት። ከኩምቢዎ እስከ ውሃው አንዲት የገብስ ፍሬ አታህልም። እስቲ ይንገሩን፤ ውሃው ጣፋጭ ነው ጨው?»

አራቱ ጉንጫሞች ጉንጫቸውን ነፉ። ጎሽ ተናደደና በአፍንጫው አንዴ «እፍፍ» ቢል፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የነበሩት ነፋሶች ጉንጫቸው ተሟሽሾ ቀረ። ፀጥ ሆነ። በዚያ ፀጥታ እንደ ደረቅ ቆዳ የሚንሿሿ ድምፅ ተሰማ።

«ልጆቼ፣ ውሃ ይዛችኋል?»

ሚዳቋ ማን ተናገረ ብላ ዙሪያዋን አየች።

«አንዲት ጠብታ ትበቃኛለች» አለ ዝሆኑ። «ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ጠምቶኛል።»

«ሐይቅ ዳር ቆመህ እኛን ውሃ ትለምናለህ?» አለ ጎሽ።

«ፊታውራሪ፣ ሐይቅ የለም። የሠራን ጌታችን የሚያውቀው ቦታ ላይ ስም ይጽፋል። የማያውቀው ቦታ ላይ እንስሳ ያቆማል። ባዶ የበዛበት ካርታ ማንም አይገዛውማ። እኔ እዚህ የቆምኩት እዚህ ምን እንዳለ ስላላወቀ ነው። አጠገቤ ደግሞ አንበሳ ነበር፤ ጥሩ ጎረቤት። ገዢው መጣና ‹አንበሳ በዛ› አለ። ጌታችን ሰማያዊ ቀለም ደፋበት። ሐይቃችሁ እሱ ነው። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ጭራው አሁንም ብቅ ብሏል።»

ዝንጀሮ ካርታውን ወደ ፊቱ አስጠጋ። ሁሉም ተንጠራሩ። ያቺ ከሐይቁ የምትወጣው ቀጭን መስመር፣ ጫፏ ላይ ጠጉር ያላት «ወንዝ»፣ ስታያት ጭራ ናት። የአንበሳ ጭራ። ዝንጀሮ መነጽሩን አወለቀ።

«ሥዕል ነው» አለ ካርታው በችኮላ። «ሥዕል ምን ያውቃል?»

«ሐይቁስ ምንድነው?» አለ ጎሽ።

ካርታው ድምፁን አሳንሶ፣ «ጌታዬ ‹አላውቅም› ማለት ያፍር ነበር። እኔም ከሱ ወረስኩት» አለ።

ያን ጊዜ ከግራሯ ሥር «ቅጭ» አለ። ደግሞ «ቅጭ»። እመት ቆቅ ከቀንዱ ላይ ዘለለች። «ጭሬ ዛሬ አልተጣራችም» ብቻ አለች። ሌላ ማለት አላስፈለጋትም።

አገሩ ዞረ። ከፊት የነበረው ከኋላ፣ ከኋላ የነበረው ከፊት ሆኖ ወደ ጭሬ ተጋፋ። ተራ የማን ነው ያለ አልነበረም። ጎሽ በቀንዱ ማሰ፣ ጅብ በፊት እግሩ ጫረ፣ ሚዳቋ በሰኮናዋ ተረተረች። የወጣው አሸዋ ከመብዛቱ የተነሳ ከጎኑ አንድ ጋራ ተነሳ፤ ዛሬም ቆሞ ይታያል። አንድ ክንድ ማሱ፤ ደረቅ ነው። ሁለት ክንድ ማሱ፤ ደረቅ ነው። ሦስት ክንድ ማሱ፤ ድንጋይ አገኙ።

«ጭሬ!» አለ ጎሽ ወደ ጉድጓዱ።

ምንም የለም።

ፀሐይዋ ወጣች። ግራሯ ሥር ጫጩቶቹ እየወጡ ነው። አንድ። ሁለት። ሦስት። እርጥብ፣ ቀጫጭን፣ አፋቸውን ከፍተው። ሙቀቱ ሲነካቸው እርጥበታቸው ዓይናችሁ እያየ ይደርቃል። እመት ቆቅ በአንድ ዓይኗ ጉድጓዱን፣ በአንድ ዓይኗ ጫጩቶቿን ታያለች። ወርዳ ትጭርና ወጥታ ታቅፋለች፤ ታቅፍና ወርዳ ትጭራለች። አራት። አምስት። አምናም እንዲህ ነበር አፋቸውን የከፈቱት።

«ድንጋዩ ሥር እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ» አለ ጅብ። «የኔ እግር አይገባም።»

ሁሉም ዝንጀሮን አዩት። ዝንጀሮ እጁን አየ። ከዚያ መነጽሩን አሸዋው ላይ አስቀመጠና በራሱ ቁልቁል ገባ። ሲጭር ቆየ። ጥፍሩ ተሰበረ፤ ጫረ። ሌላው ጥፍሩ ተሰበረ፤ ጫረ። ከዚያ መጫሩን አቆመ።

«ምነው?» አለ ጎሽ።

«እሽሽ፤ የሚሰማ ነገር አለ።»

ከታች፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ደክሟት እንደተኛች ሰው፦ «ተራው… የማነው?»

«የኔ ነው» አለ ዝንጀሮ። «ከሦስት ቀን በፊትም የኔ ነበር።»

ጭሬ ሰረገች። መጀመሪያ አሸዋው ጠቆረ፣ ቀጥሎ አብረቀረቀ፣ ከዚያ ቀላ ያለች፣ ድፍርስ፣ ለብ ያለች ውሃ ድንጋዩን ዙሪያውን ሞላች።

አሁን ደግሞ አንድ ችግር መጣ። ሁሉም ጉሮሮው ደርቋል፤ ሁሉም ውሃው አፋፍ ላይ ቆሟል፤ ማንም ግን አንገቱን አልደፋም። ሕጉን አስታወሱታ። የጫረ መጨረሻ ይጠጣል። ያልጫረ ደግሞ አንድም የለም። ጎሽ ጅብን አየ፤ ጅብ ሚዳቋን አየ፤ ሚዳቋ ዝንጀሮን አየች። ሁሉም መጨረሻ ከሆነ መጀመሪያው ማን ነው?

በዚህ ጊዜ ከግራሯ ሥር ጥቃቅን እግሮች ተሰሙ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ እስከ አሥር። ጫጩቶቹ በጎሹ እግሮች መካከል ሾልከው ወረዱ። እነሱ አንዲት አሸዋ አልጫሩም። ሕጉ የሚፈቅደው ለእነሱ ብቻ ነበር። ጠጡ። ቀና አሉ። ደግመው ጠጡ። አገሩ ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል።

እመት ቆቅ ቆጠረች። ስድስት ነበሩ። ወደ ጎጆዋ ተመልሳ ሰባተኛው እንቁላል ላይ ጆሮዋን አስደገፈች። ዝም ብሏል። ወደ ዋርካው የሮጠችባቸውን ሁለት ቀኖች ቆጠረቻቸው። ከዚያ እንቁላሉን በሣር ሸፈነችው። ጎሽ መጥቶ ጥላ ሆኖላት ቆመ፤ ከጫጩቶቹ በኋላ የመጠጣት ተራ ሲሰጡትም ቶሎ አልሄደም።

«ሌላም ያልጫረ አለ» አለች እመት ቆቅ ሲቆይ።

ዝንጀሮ ገባው። ጥፍረ ስብር ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረና ካርታው ላይ፣ ዝሆኑ እግር ሥር፣ አንዲት ጠብታ ጣል አደረገ። ዝሆኑ ጠጣ። ሦስት መቶ ዓመት የተጠማ እንዴት እንደሚጠጣ እኔ አልነግራችሁም፤ እናንተም አታምኑኝም። ጠብታዋ ስትደርቅ ቀላ ያለች ክብ ምልክት ሆና ቀረች።

«ይህ ምንድነው ያቆሸሻችሁብኝ?» አለ ካርታው።

«ጭሬ ናት» አለ ዝንጀሮ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አለች።»

«ትናንትም ነበረች» አለ ዝንጀሮ። ካርታውንም ጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። ይሁንና ዝሆኑ ጭሬን እንዲያያት ጫፉን ገለጥ አድርጎ ተወለት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዝንጀሮ በየሄደበት መሬት ይጭራል። ቆቅም ጎህ ሲቀድ ትጮኻለች፤ ደህና አድርጋችሁ ብታዳምጧት «ተራው የማነው?» ነው የምትለው። ጭሬ ብትረሳ እንኳ እሷ አትረሳም። ከጮኸች በኋላ ትቆጥራለች፦ ስድስት ጫጩት፣ አሥር እርምጃ።

ልጆች፣ ባዶውን ቦታ ባዶ ነው፣ አላውቀውም ማለት ማንንም አልገደለም። ዝሆን አቁመው ሐይቅ ቢደፉበት ግን የተጠማ አምኖ ይነሳል። ውሃዋ የት እንዳለች ማወቅ የፈለገ ጥፍሩ የተሰበረውን ይጠይቅ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፣ አፌን በውሃ አርሱልኝ።